ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ስለ ተፈጥሮ እንክብካቤ የተነገሩ መልእክቶች አጭር ታሪክ

በከተሞቻችን አጥሮች ላይ የሚጻፉትን ማስታወቂያዎች ልብ ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ይላል። ሌላው «በሕግ ያስቀጣል» ብሎ ይጨምርበታል። ከዚያም አልፎ ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው በእንስሳ ስም የሚጠራ አለ። ብዙ ጊዜ ታዲያ ጽሑፉ ካለበት ግንብ ሥር ፌስታሉና የሃይላንድ ላስቲኩ ተከምሮ እናያለን። «ማስታወቂያው የተጻፈው ቆሻሻ ስላለ ነው» ሊባል ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከተጻፈ በኋላስ ክምሩ ለምን አልቀነሰም?

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እንግዳ የቀረበለትን ከመቅመሱ አስቀድሞ የአቅራቢውን ፊት ያያል፤ ፊቱ ከተቋጠረ ፍትፍቱ ምንም ያህል ቅቤ ቢጠጣ አይወርድለትም። መልእክትም እንዲሁ ነው። ይዘቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የተነገረበት ቃና ሰሚውን ሊያርቀው፣ ሊያስቆጣው፣ አንዳንዴም ያልታሰበውን እንዲያደርግ ሊያበረታታው ይችላል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር በየአጥቢያው የወጣት ኅብረቶች ለችግኝ ተከላና ለጽዳት ይወጣሉ። ፖስተሩን የሚጽፈው፣ በመድረክ ላይ ማስታወቂያውን የሚናገረው፣ በስልክ መልእክቱን የሚያሰራጨው ወጣቱ ነው። ስለዚህ ከእኛ በፊት ይህን ሥራ የሞከሩ ሰዎች ምን ብለው እንደ ተናገሩና ምን እንዳገኙ ማወቅ ይጠቅመናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ እስቲ ከስድሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንጀምር።

የረጋው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ሬቸል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት የባሕር ሕይወት ተመራማሪና ጸሐፊ «ሳይለንት ስፕሪንግ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመች፤ በአማርኛ «ጸጥ ያለው ጸደይ» ልንለው እንችላለን። በዚያን ጊዜ ዲዲቲና መሰል የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶች በአሜሪካ እርሻዎችና ደኖች ላይ ከአውሮፕላን ይረጩ ነበር። ካርሰን መድኃኒቶቹ ተባዩን ብቻ እንደማይገድሉ፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ እየቆዩ ወደ ዓሣው፣ ወደ ወፉ፣ ወደ ሰውም እንደሚተላለፉ በብዙ ማስረጃ አሳየች። መጽሐፉ የሚከፈተው ወፍ በማይዘምርባት አንዲት ምናባዊ ከተማ ነው። የሚያስፈራ አከፋፈት ነው።

የኬሚካል ኩባንያዎች ክፉኛ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1963 ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ዝግጅት አቀረበ። በአንድ በኩል ነጭ ጋወን የለበሰ ሮበርት ኋይት ስቲቨንስ የሚባል የኩባንያ ሳይንቲስት ቀረበ፤ ሰዎች የካርሰንን ምክር ቢሰሙ ዓለም ወደ ጨለማው ዘመን እንደምትመለስና ምድሪቱን ነፍሳትና በሽታ እንደሚወርሷት በከባድ ድምፅ አስጠነቀቀ። በሌላ በኩል ካርሰን ቤቷ ተቀምጣ ቀስ ብላ፣ ሳትጮኽ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ታስረዳ ነበር። በዚያን ጊዜ በጡት ካንሰር ትሠቃይ እንደ ነበር ከተመልካቾች አብዛኞቹ አያውቁም። ኬሚካል ፈጽሞ አይነካ አላለችም። ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ በየቦታው አንርጨው ነው ያለችው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት የካርሰንን ሥጋት ደገፈ። እርሷ በሚያዝያ 1964 በ56 ዓመቷ ዐረፈች። አሜሪካ አብዛኛውን የዲዲቲ አጠቃቀም የከለከለችው በ1972 ነው። እንደ እኛ ባሉ ወባ በሚያሠቃያቸው አገሮች ዲዲቲ ለቤት ውስጥ ርጭት ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ የሁለቱ ጉዳይ ለየብቻ መታየት አለበት።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። የካርሰን መልእክት አስፈሪ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልነበረም። ደግሞም ፍርሃቱን አውርዳ ብቻ አልሄደችም፤ ሊደረግ የሚችል ነገር አብራ አስቀመጠች።

እንባው

አሁን ወደ 1971 እንሻገር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1970፣ አሜሪካውያን የመጀመሪያውን የምድር ቀን አክብረው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል የተባለ ድርጅት በቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ ለቀቀ። የአገሩን ነባር ሕዝብ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ታንኳ እየቀዘፈ በወንዝ ይወርዳል። ውሃው እየቆሸሸ ይሄዳል፤ ፋብሪካዎች ያጨሳሉ። ከታንኳው ወርዶ አውራ ጎዳና ዳር ሲቆም፣ ከሚያልፍ መኪና ውስጥ አንድ ሰው የቆሻሻ ከረጢት ወርውሮ እግሩ ሥር ይበትነዋል። ሰውዬው ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞራል፤ ከዓይኑ አንድ የእንባ ዘለላ ትወርዳለች። መልእክቱ ብክለትን የሚጀምረውም ሊያቆመው የሚችለውም ሰው ነው የሚል ነበር።

ሕዝቡ ልቡ ተነካ። ማስታወቂያው ለዓመታት ታየ፤ ሽልማትም አገኘ። ከአሜሪካ ታላላቅ ማስታወቂያዎች ተርታም ይቆጠር ጀመር። ነገር ግን ጊዜ ሲያልፍ ሦስት ነገሮች ተገለጡ።

አንደኛው፣ አልቃሹ ሰው አይረን አይዝ ኮዲ የተባለ የፊልም ተዋናይ ሲሆን፣ ከነባሩ ሕዝብ የተወለደ አልነበረም። ወላጆቹ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች እንደ ነበሩ ከዓመታት በኋላ ጋዜጣ አጋለጠ። ሁለተኛው፣ ድርጅቱን በ1953 ካቋቋሙት መካከል የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የቨርሞንት ግዛት ቢራ ተመላሽ ባልሆነ ጠርሙስ እንዳይሸጥ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ኩባንያዎቹም እንዲህ ያለው ሕግ እንዲስፋፋ አልፈለጉም። ስለዚህ እንባው ጥፋቱን ሁሉ በመንገደኛው ላይ ሲጭን፣ ተመላሽ የነበረውን ጠርሙስ ወደሚጣል ዕቃ የለወጠውን ወገን ሳይነካ አለፈ። ሰውን መውቀስ ለወቃሹ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ እዚህ ላይ እናያለን። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የማስታወቂያው ባለቤትነት ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብሔራዊ ጉባኤ ተላለፈ፤ ጉባኤውም ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ወሰነ።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ርዕስ ከሁሉ ይልቅ ይቀርባል፤ እርሱን የነገሩን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው።

«ሁሉም ይጥላል»

በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮበርት ቻልዲኒ ያን ማስታወቂያ ሲመረምር አንድ ጥያቄ አነሣ። በሥዕሉ ውስጥ ምን ይታያል? ወንዙ ቆሽሿል፤ ባሕሩ ዳር ቆሽሿል፤ መኪናው ውስጥ ያለውም ሰው ይጥላል። ቃሉ «አትጣሉ» ሲል ሥዕሉ «ሁሉም ሰው ይጥላል» ይላል። ሰው ደግሞ ሊደረግ የሚገባውን ከመስማት ይልቅ ሌላው የሚያደርገውን ማየት ይቀናዋል።

ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። በመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ በየመኪናው መስታወት ላይ በራሪ ወረቀት ሰኩ። ወለሉ አንዳንዴ ንጹሕ ይሆናል፤ አንዳንዴ ሆን ብለው ወረቀት ይበትኑበታል። ወለሉ ቆሻሻ በነበረ ጊዜ ከመቶ ሰዎች 32ቱ በራሪ ወረቀቱን መሬት ላይ ጣሉት፤ ንጹሕ በነበረ ጊዜ የጣሉት 14ቱ ናቸው። ከዚያም ባለ መኪናው እያየ አንድ ሰው ወረቀት ጥሎ እንዲያልፍ አደረጉ። በቆሸሸው ወለል ላይ ሲሆን ጣዮቹ ወደ 54 በመቶ አሻቀቡ። በንጹሑ ወለል ላይ ሲሆን ግን 6 በመቶ ብቻ ሆኑ። በንጹሕ ቦታ ላይ ብቻውን የሚጥል ሰው ለሌሎች ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ በቆሸሸ ቦታ ላይ የሚጥል ግን ፈቃድ ይሰጣል።

ሌላው ሙከራ የተደረገው በአሪዞና በሚገኘው ፔትሪፋይድ ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግንዶች አሉ። ጎብኚዎች ስባሪ እያነሡ ለማስታወሻ ይወስዳሉ። ተመራማሪዎቹ በየመንገዱ ምልክት ያደረጉባቸውን ስባሪዎች አስቀምጠው ሁለት ዓይነት ሰሌዳ ተከሉ። አንደኛው ብዙ ጎብኚዎች ከፓርኩ እንጨት እንደ ወሰዱና ፓርኩ እንደ ተጎዳ በሐዘን የሚናገር ነበር። ሁለተኛው ጎብኚው እንጨቱን እንዳይወስድ በቀላሉ የሚለምን ነበር። የሚለምነው ሰሌዳ በነበረበት ከስባሪዎቹ 1.67 በመቶው ተወሰዱ። ስለ ብዙዎቹ ወሳጆች በሚያዝነው ሰሌዳ አጠገብ ግን 7.92 በመቶው ተወሰዱ። ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! የሰሌዳው ጸሐፊ ያዘነው ከልቡ ነው፤ አንባቢው ግን የሰማው «ብዙዎች እየወሰዱ ነውና አንተም ሳያልቅ ድረስ» የሚለውን ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት በአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቀመጡትን ካርዶች መረመረ። እንግዳው ፎጣውን ደግሞ በመጠቀም ተፈጥሮን እንዲጠብቅ የሚጠይቀውን ካርድ ካነበቡት መካከል 35.1 በመቶው እሺ አሉ። አብዛኞቹ እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንደሚጠቀሙ የሚናገረውን ካርድ ካነበቡት ግን 44.1 በመቶው እንዲሁ አደረጉ። የተለወጠው ካርዱ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ንግግር እንመለስ። «የእኛ ሰው ለጽዳት ግድ የለውም»፣ «ማን ይተክላል? ተክሎስ ማን ይንከባከባል?» ስንል ምን እያልን ነው? እንገሥጻለን ብለን ሳናውቀው ቸልተኛውን «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» እያልነው ነው።

ቴክሳስ

በ1985 የቴክሳስ ግዛት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በመንገድ ዳር የሚጣለውን ቆሻሻ ለማንሣት በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ለስለስ ያሉ ልመናዎች ተሞክረው ውጤት አላመጡም። በጥናት ሲታይ ከሁሉ ይልቅ የሚጥሉት ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወንዶች ሆነው ተገኙ፤ ፒካፕ እየነዱ ባዶ ጣሳ በመስኮት የሚወረውሩ ጎረምሶች ማለት ነው። ለእነርሱ ስለ ምድር ውበት በለሰለሰ ድምፅ መንገር፣ ወይም ማልቀስ፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ እንደማንበብ ነበር።

ሥራው በኦስቲን ከተማ ላለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተሰጠ። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቲም መክሉር፣ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የሚነገረውን ቃል ትቶ፣ እናቱ የተዝረከረከ ክፍሉን ስታይ ትጠቀምበት የነበረውን ተራ ቃል አነሣ። ያ ቃል በእንግሊዝኛው ሁለት ስለት አለው፤ ማዝረክረክም ነው፣ መተናኮልም ነው። ከእርሱ የተሠራው መፈክር በአንድ ጊዜ «ቴክሳስን አታቆሽሿት» እና «ቴክሳስን እንዳትነኳት» ይላል። መጀመሪያ በመኪና ላይ በሚለጠፍ ስቲከር ወጣ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1986፣ ኮተን ቦል በተባለው ትልቅ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ቀን፣ ዝነኛው ጊታር ተጫዋች ስቲቪ ሬይ ቮን በቴሌቪዥን አቀረበው። በሌላ ማስታወቂያ ላይ የዳላስ ካውቦይስ ሁለት ግዙፍ ተጫዋቾች ከመንገድ ዳር ቆሻሻ እያነሡ፣ የጣለውን ሰው በአካል ቢያገኙት የሚነግሩት ነገር እንዳላቸው ይናገራሉ። ስለ መሬትና ስለ አየር አንድም ስብከት የለም። ሊያስተላልፉ የፈለጉት አጭር ነው፦ እውነተኛ የቴክሳስ ልጅ አገሩን አያቆሽሽም።

ግዛቱ እንደሚያስታውቀው ከ1986 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ የሚታየው ቆሻሻ በ72 በመቶ ቀነሰ። ይህ ሁሉ የመፈክሩ ውጤት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በመጋቢት 1985 በዚያው ግዛት ታይለር በተባለች ከተማ አንድ ማኅበር ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ እንደ ልጁ ተረክቦ ሊያጸዳ ቃል ገብቶ ነበር፤ ስሙም በመንገዱ ዳር በሰሌዳ ላይ ተጻፈለት። ይህ ልማድ ከዚያ ወደ ሌሎች ግዛቶችና አገሮች ተስፋፋ። መፈክሩ ሰውየውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ሲለው፣ ሰሌዳው ደግሞ ሥራ ሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የቴክሳሱ ቃና ለስላሳ አልነበረም፤ እንዲያውም ዛቻ ይመስላል። ታዲያ ለምን ሠራ? ከሰሚው በላይ ሆኖ ስላልተናገረ ነው። ጎረምሳው በሚወደው ሰው አፍ፣ በሚኮራበት ስም፣ በራሱ ቋንቋ ተነገረው። ጥፋተኛ ተብሎ ከውጭ አልተጠራም፤ የቤቱ ልጅ ተብሎ ከውስጥ ተጠራ።

«የግድ» የሚለው ቃል

የሰው ልብ ነጻነቱ ሲነካበት ምን እንደሚያደርግ ጃክ ብሬም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 በጻፈው መጽሐፍ አስረድቷል። የተከለከልነው ነገር በዓይናችን ውድ ይሆናል። ይህ ብዙም ሳይቆይ በፍሎሪዳ ታየ። በጥር 1972 የማያሚ ከተማ ያለችበት አውራጃ ውሃ የሚበክል ፎስፌት ያለበትን የልብስ ሳሙና ከለከለች። ተመራማሪዎች የማያሚን የቤት እመቤቶች እገዳ ከሌለባት ከታምፓ ከተማ ሴቶች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የማያሚዎቹ የታገደውን ሳሙና ከታምፓዎቹ ይልቅ የተሻለ ነው ብለው አመኑ። ሳሙናው ያው ነው፤ የተጨመረበት ክልከላው ብቻ ነው። ይህ ማለት ሕግ አይውጣ ማለት አይደለም። ውሃው እንዳይበከል ሕግ ሊያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ክልከላው ለምን እንደሆነ ያልገባው ሰው በእጁ ቢታዘዝ እንኳ በልቡ ይሸፍታል።

በ2012 ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች በአንድ የታወቀ የገበያ ጥናት መጽሔት ላይ ይህን ጉዳይ በቀጥታ መረመሩት። «አድርጉ!»፣ «የግድ ነው!» የሚለው ኃይለኛ አነጋገር መቼ ይሠራል? ከሙከራዎቻቸው አንዱ ስለ ሜዲትራኒያን ባሕር ብክለት በኢንተርኔት የሚወጣ ማስታወቂያ ነበር። ያገኙት መልስ እንዲህ ነው፦ ሰሚው ጉዳዩ ትልቅ መሆኑን አስቀድሞ ካመነ፣ ጠንካራው ትእዛዝ ያነሣሣዋል፤ የሚጠብቀውም እርሱን ነው። ጉዳዩ ገና ላልከበደበት ሰው ግን ያው ትእዛዝ ይጎረብጠዋል፤ ለእርሱ የሚሻለው «ብታደርግ መልካም ነው» የሚለው ለዘብ ያለ ግብዣ ነው። ለዚህ ነው አብረውን ለሚያገለግሉ የምንጮኸው ጩኸት ለመንገደኛው የማይሠራው።

ተግሣጽ መንገድ እንዳለው እኛም ከቅዱሳት መጻሕፍት እናውቃለን። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲላክ በስድብ አልጀመረም። ስለ ድኻው ሰውና ስለ አንዲቱ በግ ነገረው፤ ጣቱን የጠቆመውም ዳዊት በገዛ አፉ ከፈረደ በኋላ ነው። እውነቱን አልሸፈነም፤ ግን ሰሚው ራሱ ወደ እውነቱ እንዲደርስ መንገድ ከፈተለት።

የእኛ ተራሮች

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ረሃቦች የተራቆቱ ተራሮቻችንን ለዓለም አሳዩ። የደርግ መንግሥት በየገበሬ ማኅበሩ ሕዝቡን እያሰለፈ፣ ለሥራው እህል በሚሰጡ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ሌሎች ለጋሾች እየታገዘ፣ እጅግ ብዙ እርከን አሠራ፤ ብዙ ችግኝ አስተከለ፤ ተራራዎችንም ከግጦሽ ከለለ። የሥራው ብዛት የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሚከለለውን ተራራ የሚመርጠው ከላይ የመጣ ባለሙያ ነው፤ የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነም ለገበሬው ግልጽ አልነበረም። መልእክቱ በትእዛዝና በዘመቻ ቋንቋ ይወርድ ነበር። ገበሬውም በብዙ ቦታ የተከለውን ደን «የመንግሥት ደን» ብሎ ጠራው።

በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ሲወድቅ፣ በበርካታ አካባቢዎች ያ ደን በመጥረቢያ ወደቀ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። የቆረጡት ሰዎች ዛፍ ጠልተው አልነበረም፤ በየጓሮው የራሳቸውን ባሕር ዛፍ ይተክሉና ይንከባከቡ ነበርና። የጠሉት «የእናንተ ነው» ተብለው ያልተነገሩበትን ዛፍ ነው።

ከዚህ ጋር የትግራይዋን የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ እናስተያይ። በውቅሮ አካባቢ የምትገኘው ይህች ቀበሌ መሬቷ ተራቁቶ ኑሮ የከበደባት ነበረች። ነዋሪዎቿ ልቅ ግጦሽን የሚገታ ደንብ በራሳቸው ስብሰባ አወጡ፤ ገደላገደሉን ከለሉ፤ እርከንና የውሃ ማቆሪያ ሠሩ። ውሃው ወደ ምድር ሰርጎ በየጉድጓዱ ሲገኝ የአትክልት ልማት ጀመሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጣቸው። ልብ በሉ፣ እዚህም «አይቻልም» የሚል ደንብ አለ፤ ላሙን በተከለለው ቦታ የሚለቅ ሰው ይቀጣል። ልዩነቱ ደንቡን ያወጣው በሚታዘዘው ሰው አፍ መሆኑ ነው።

ችግኝና መጽደቅ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ክረምት የመትከያ ወቅት መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በቋንቋችን የተተከለ ችግኝ ሥር ይዞ ሲያድግ «ጸደቀ» እንላለን። እኛ አማኞች ይህን ቃል በሌላም ቦታ የምናውቀው ነው። ችግኝ በተተከለበት ቀን አይጸድቅም፤ በጥርና በየካቲት ፀሐይ፣ ከብት በሚለቀቅበት በበጋው፣ ማንም ፎቶ በማያነሣበት ሰዓት ነው የሚለየው። ታዲያ መልእክታችን ሁሉ ስለ መትከያው ቀን ብቻ ከሆነ፣ በበጋው ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ምን ብለን ጠራነው?

በሚቀጥለው ጊዜ ኅብረታችሁ ፖስተር ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ ከቀለሙ በፊት የምትናገሩትን ሰው በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። የሚያልፈው ተማሪ ነው? የጉልት ሻጯ እናት ናት? ታክሲ ውስጥ ሙዝ በልቶ ልጣጩን በመስኮት የሚለቀው ጓደኛችሁ ነው? ጉዳዩ ገና ያልከበደበትን ሰው ጋብዙት እንጂ አትዘዙት። ስለ ቸልተኞቹ ብዛት አትጻፉ፤ ባለፈው ዓመት ከአጥቢያችሁ ስንት ሰው እንደ ወጣና ስንት ችግኝ እንደ ጸደቀ በእውነት ቆጥራችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን ሳትደብቁ፣ እየጨመረ ከሆነ መጨመሩን ተናገሩ። የምትጠይቁት ነገር ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ይሁን፤ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ከማለት «ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ ኑ» ማለት ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ የኅብረት ቡድን የራሱን አሥር ችግኝ ወይም የራሱን የመንገድ ቁራጭ በስሙ አስረክቡት።

ከሁሉ በፊት ግን ቦታውን አጽዱት። ማስታወቂያው በንጹሕ ግንብ ላይ ሲሰቀል ግንቡ ራሱ ይመሰክርለታል። ቆሻሻ በተከመረበት ግንብ ላይ የተጻፈ «ክልክል ነው» ግን፣ ጸሐፊው ምንም ያህል ቢቆጣ፣ ክምሩ ከእርሱ ይልቅ ጮኾ ይናገራል።